የቦራ ጭራ

ተማሪዬ የቫዮሊኗን ደጋን ሙጫ ስትቀባ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እኔንም እንጅባራ፣ አያቴ ግቢ ውስጥ ጣለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ልጅ ነበርኩ። ለጊዮርጊስ በዓል ግልቢያ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ አዝማሪ የማሲንቆው ደጋን ጭራ ተበጥሶበት መጣ። አያቴ ሴቷን ፈረስ፣ ባዝራዋን አሳዩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ ቦራ፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ይነካዋል፤ ድምፁ አያምርም» አለ።

ሌላው ፈረስ ቦራ ብቻ ነበር። አገሩ ሁሉ አያቴን የሚጠራቸው በዚህ ፈረስ ስም ነው፤ ጭራውንም ለበዓሉ ራሳቸው አጥበው አበጥረውታል። አያቴ ግን ወደ ቦራ ጆሮ ጠጋ ብለው በአገውኛ አንድ ነገር አሉትና ከጭራው እየመረጡ ይነቅሉለት ጀመር። አዝማሪው እዚያው ወጥሮ ሙጫ ቀባው።

«አባባ፣ ለጊዮርጊስ ጭራው ሳስቶ ሊታይ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«ለመታየቱ አንድ ቀን ነው፤ ለመሰማቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው» አሉኝ።

ከግልቢያው በኋላ ዳስ ውስጥ አዝማሪው መጫወት ሲጀምር፣ ጠላ የያዙት ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አላቆሙም። አያቴ ከዘራቸውን አነሱ።

«ጸጥ በሉ እንጂ! ቦራ እየዘፈነ ነው!»

በኦርኬስትራ ብዙ ዓመት ተጫውቻለሁ፤ እንደዚያ በአንድ ቃል ጸጥ ያለ ታዳሚ ግን አላጋጠመኝም።

«ቲቸር፣ ይሄ እውነት የፈረስ ጭራ ነው?» አለችኝ ተማሪዬ።

«አዎ።»

«የማን ፈረስ?»

ደጋኑ ከባሕር ማዶ በሳጥን ታሽጎ የመጣ ነው።

«የአያቴ» አልኳትና ልምምዳችንን ቀጠልን።