ጫማ የሚወለቅበት አደባባይ

ልጄ ከስልኳ ላይ እያነበበች እንደነገረችኝ፣ እንግሊዝ አገር በባሕር ጠረፍ ያለች አንዲት መለስተኛ ከተማ አመልክታና ተወዳድራ በንጉሣቸው ፈቃድ የትልቅ ከተማ ማዕረግ ታገኛለች አሉ። ድሮማ ማዕረጉ ካቴድራል ላለው ቦታ ነበር፤ በዚያ ሕግ ቢሆን የድጓ ማስመስከሪያዋ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ገና ድሮ ትልቅ ከተማ በሆነች ብዬ ሣቅሁ። ማዕረጉ ከስም በቀር የሚጨምረውም የሚወስደውም የለም ስትለኝ ግን ሣቄ ቆመ፤ የገብስ ጭድ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

እስቴ ውስጥ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ፣ ከጓሯችን ቀጥሎ የጎረቤታችን የጋሼ ደምለው አውድማ ነበር። በየታኅሣሡ በእበት ለቅልቀው እስኪያበራ ያለሰልሱታል፤ በሬዎቻቸው ገብሱን ሲያበራዩ እኛ ልጆች አንገታችንን እስኪያሳክከን ጭዱ ላይ እንንከባለላለን። እህል የሚያርፍበት ነውና ማንም ተጫምቶ አይረግጠውም፤ ቄስም መጣ ፖሊስ ጫማውን ዳር ላይ ያወልቃል።

ከተማችን ወደ ከተማ አስተዳደር ከፍ ትበልልን ብለው ሽማግሌዎች ሲያመለክቱ ኖረው፣ በአንዱ ዓመት ከበላይ መሥሪያ ቤት መጥተው የሚያዩን ሰዎች አሉ ተባለ። ገበሬ እንዳንመስል ከብቱ ሁሉ ወደ ወንዝ ተነዳ፣ ፍጉ ተጠረገ። ዳስ የሚጣልበት ደልዳላ ቦታ ሲጠፋ ጋሼ ደምለው ማንም ሳይጠይቃቸው «አውድማዬ አለ» አሉ፤ ወቅቱ ሳይደርስ እንደ አዲስ ለቀለቁት። እንግዳ ነውና ጫማ አውልቁ የሚል አልተገኘም። ከእንግዶቹ ትልቁ መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አደረገና፣

«እንዲህ ያለ ሜዳ እያላችሁ አደባባይ የት እንሥራ ትላላችሁ?» አለ።

ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ጋሼ ደምለውም አብረው አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ማዕረጉ መጣ፤ አውድማውም አደባባይ ሆነ። በዚያ ዓመት የጋሼ ደምለው ገብስ የሚወቃበት አጥቶ ከወንዝ ማዶ ወደ ሰው አውድማ በአህያ ተጓዘ፤ ቆይቶ እርሻቸውም በከተማ ክልል ውስጥ ነው ተብሎ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። አባቴ ለምን አቤት አይሉም ቢላቸው፣

«ማንን ልክሰስ? ያውም የለቀለቅሁላቸው እኔ» አሉት።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ አደባባዩን የሚያቋርጡት ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር። አዲስ መጤዎቹ ጫማው የጠበባቸው እየመሰላቸው ይሥቁባቸዋል።

ባለፈው ጥር ስሄድ እኔም ኮብልስቶኑ ዳር ቆሜ ላወልቅ ጎንበስ አልሁ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋብኝ፣ ሰውም ዞሮ አየኝ። የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ተነሣሁና እንደተጫማሁ አለፍሁ።