የጋቢናዋ ተሳፋሪ

ቀያሹ በመንግሥት ሥራ ስንት ጊዜ እንደተዛወረ ለራሱም ጠፍቶበታል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለችው አክስቱ ናት። እናቱ በሕፃንነቱ ስትሞትበት አንስታ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ "ሹራብህን ልበስ" ትለዋለች፤ እሱም ይለብሳል፣ ምን ያድርግ።

የሰሞኑ የዝውውር ደብዳቤ እንደደረሰው የመጓጓዣ ወጪውን ለመጠየቅ ሂሳብ ክፍል ሄደ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከመመሪያዋ ግን ፍንክች አትልም።

"ለዕቃው ይከፈላል፣ ለራስህ ይከፈላል፣ ለሚስትና ለልጅ ይከፈላል። አክስት የሚል ግን የለም" አለችው።

"ያሳደገችኝ እኮ ናት።"

"እኔማ አምንሃለሁ፤ መመሪያው ነው የማያምንህ።"

ቤት ገብቶ በንዴት ሁሉንም ለአክስቱ ዘከዘከላት። ምን አለ አፉን ቢይዝ! የሴትዮዋን ሆደ ባሻነት ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እሷ ግን ሳህኖቿን ማጠቧን ቀጠለች።

የጭነቱ ቀን አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ አንድ ባንድ መኪናው ላይ ወጣ። የሷ ፍራሽ ብቻ ጥግ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ።

"ይሄስ?" አላት።

"የኔን ተወው። ጎረቤታችን አንድ ክፍል ልትሰጠኝ ነው። መንግሥት የማያውቀኝ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ ወጪ ልሁንብህ?"

ያለሷ የሚገባበት ቤት ምኑ ቤት ነው? እንዲህ ብሎ መናገር ግን አይሆንለትም። ወደ ሹፌሩ ዞረ።

"ጋቢና ካንተ ሌላ ስንት ሰው ይይዛል?"

"አንድ።"

"በቃ፣ ያ አንድ ሰው አንቺ ነሽ" አላት። "እኔ ዕቃ ነኝ። ለዕቃ ደግሞ ይከፈላል።" ፍራሿን ተሸክሞ ጭነቱ አናት ላይ ወጣና ተቀመጠበት።

"ውረድ፣ ትወድቃለህ!"

"አንቺ ካልገባሽ አልወርድም። ከገባሽም አልወርድም።"

"እስቲ አሁን ይሄ የመንግሥት ሠራተኛ ይባላል?" አለች ሰፈርተኛውን ዞራ እያየች። ሰፈርተኛው ይስቃል። ቀያሹ ንቅንቅ አላለም።

ብትለምነው፣ ብትቆጣው አልሆነም። ተመልሳ ወደ ቤት ገባችና ብርድ ልብስና ገመድ ይዛ ወጣች። ብርድ ልብሱን ወረወረችለት፣ ገመዱን ለሹፌሩ ሰጠችው።

"ዕቃ ነኝ ካለማ ጥብቅ አድርገህ እሰርልኝ፤ ሌላ የለኝም" አለችና እንባዋን እየጠረገች ጋቢና ገባች።