እንቅርቴና ልጅ እግሩ ሐኪም

ታናሽ እህቴ እንቅርቷን አስወጥታ ከደብረ ማርቆስ የተመለሰች ዕለት፣ ሉማሜ ላይ ከአውቶቡስ የወረደችው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔና እሷ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ነጠላችንን አንገታችን ላይ ሳንጠመጥም ደጅ ወጥተን አናውቅም። ያን ቀን ከሻይ ቤቴ በራፍ ቆሜ ሳያት መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ሳይሆን አንገቷን ነው። እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብዬ አገላብጬ ሳምኳት። ጓዳ ገብቼ ግን በቅናት እርር ድብን አልኩ።

እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። እናታችንም ነበራት፣ አክስቶቻችንም ነበራቸው። እኛ ላይ ብቅ ሲል ንቅሳት ያከስመዋል ተባለና ነቃሽ ተጠርታ ሁለታችንንም በአንድ ቀን አንገታችንን ዙሪያውን ነቀሰችን። እህቴ በለቅሶ ሰፈሩን ስታናውጠው እኔ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። እንቅርቱ ግን ንቅሳቱን ከነመስመሩ እየለጠጠ ማደጉን ቀጠለ፤ የኔ ይባስ ብሎ ከእሷ በለጠ። መልክም ቢሆን ለእሷ ነበር ያደላው። ባልም ቢሆን የእሷ የጨርቅ ነጋዴ፣ የኔ ገበሬ ነው።

ለኔ የተሰጠኝ ድምፅ ነው። ሉማሜ ውስጥ ሠርግ ሲሆን ሙሽራ ለመሸኘት፣ ለቅሶ ሲሆን ሙሾ ለማውረድ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነበርኩ። እህቴ ከተቀባዮቹ መሃል ቆማ ታጨበጭባለች። እኔ አቀንቅኜ እሷ ስትቀበለኝ ማንም አንገቴን አያየውም፤ ቢያየውም ደንታ አልነበረኝም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ባሏ የወርቅ ሐብል አሠራላት። በዚያ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ መሄድ አመጣች። ቅዳሴ ላይ ከፊት ለፊቴ ስትቆም ካህኑ የሚሉት አይሰማኝም፤ እኔ የማየው ሐብሉ አንገቷ ላይ እንዴት እንደተኛ ነው። ጠባሳው እንኳ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ከንቅሳቱ ጋር ሊመሳሰል ምንም አልቀረው። ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ብሏል። የአውቶቡሱ ብርድ ነው ትል ነበር። ልጆቿን ከጨዋታ ለመጥራት እንደ ድሮው ከደጅ ቆማ መጣራት ትታ ሠራተኛዋን ትልካለች። እኔ ይህን ሁሉ የወይዘሮነት ኩራት ነው ብዬ ያዝኩባት።

እሷ ስትሄድ አብሬያት ልሄድ አስቤ ነበር፤ አራስ ስለነበርኩ ቀረሁ። ልጄ ጡት ሲተው እሷን የሠራት ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ገባ ተባለ። ሽበታም፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር ይላሉ፤ ከደጀንም ከቁይም እንቅርት ያለበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይጎርፍ ነበር። ይመለሳል የሚሉ አሉ፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። በእሱ ቦታ የቀረው ከትምህርት ከወጣ ብዙም ያልቆየ የቁይ ልጅ ነው። ሰው አላመነውም። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ልጅነቱን ማንም አያነሳበትም ነበር። የቁይ ሰው ግን አባቱን ያውቃል፣ እናቱን ያውቃል፣ እሱንም ንፍጡን ሳይጠርግ ቀበሮ መስሎ ሲሮጥ ያውቀዋል። እንዲህ የሚታወቅ ልጅ ቢላዋ ይዞ አንገትህን ሲጠጋ ማን እሺ ይላል?

እኔ እንዳልጠብቅ ደግሞ እንቅርቱ መተንፈሻዬን መጫን ጀምሮ ነበር። ዳገት ስወጣ አቁሞ ያስተነፍሰኛል። የባሰው ግን የመጣው ጎረቤታችን ልጇን ስትድር ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ልይዝ ስል መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ከጎኔ የቆመች ኮረዳ ወዲያው ተቀብላ ቀጠለችው፤ ጭብጨባውም ለአፍታ አልተቋረጠም። እህቴን አየኋት። ሐብሏን በጣቷ እየነካካች ታየኛለች። አንገቱ የእሷ ሆኖ ድምፁም ከኔ ሊሄድ ነው ብዬ እዚያው ቆሜ ሆድ ባሰኝ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው ስል ባሌ እንደ ወደድሽ አለኝ። እህቴ ግን ሱቋን ዘግታ መጣችብኝ። ያ ልጅ አንገትሽን እንዳይነካው፣ የኔ ሐኪም እስኪመለስ ጠብቂ አለች። ‹የኔ ሐኪም› ስትል ደሜ ፈላ። ሐኪሙም የእሷ ሆነ። ሳስበው ሳስበው፣ በሉማሜ ብቸኛዋ ባለ አንገት ሆና መቅረት ስለፈለገች ነው እንጂ ለኔ አዝና አይደለም አልኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እሷ ደግሞ ‹ማን ያስታምምሻል› ብላ ስንቅ ይዛ ተከተለችኝ። ዘመድ ያለው ሰው ብቻውን ሆስፒታል አይገባምና እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ልጅ እግሩ ሐኪም ቀጭን ነው፤ ነጭ ካባው ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። አንገቴን በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ይዋጡ አለኝ፣ ዋጥኩ። ከዚያ ንቅሳቴን በጣቱ እየተከተለ ቆየና በታችኞቹ ሁለት መስመሮች መሃል እንደሚቀደው፣ ሲድን ጠባሳው በደንብ ካልታየ እንደማይለይ ነገረኝ። ወዲያው የእህቴ ጠባሳ ትዝ አለኝ፤ በጠባሳ እንኳ ልበልጣት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቢሆንም አንገት ነውና የሚቆረጠው መጠየቅ ነበረብኝ።

«እስካሁን ስንት እንቅርት አውጥተዋል?» አልኩት።

«ብቻዬን የሠራሁት አንድ እጅ ጣት አይሞላም» አለኝ። «ከፈረንጁ ጋር ቆሜ ግን ብዙ ሠርቻለሁ።»

«አይፈሩም ታዲያ?»

«እፈራለሁ እንጂ። ለዚህም ነው እርስዎን የማላስተኛዎት።»

ከዚያ አስረዳኝ። ከእንቅርቱ ሥር ለድምፅ የምትሆን እንደ ክር የቀጠነች ጅማት አለች፤ እሷ ከተነካች ድምፅ ይሻክራል፣ ብዙ ጊዜም አይመለስም። ሽማግሌው ፈረንጅ እጁን ስለሚያምን ሰውን አስተኝቶ ነው የሚሠራው። እሱ ግን ገና እጁን ስላላመነ አንገቴን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ ሲሠራ እኔ ሳወራ እንድቆይ ይፈልጋል። ድምፄ ከተለወጠ እጁን ይሰበስባል፣ ካልተለወጠ ይቀጥላል።

እህቴ ተኝታ እንደተሠራች አውቃለሁ፤ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም እያለች ስንት ጊዜ አውርታልናለች። ያ የአውቶቡስ ብርድ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። እሷ አንገት አግኝታ ድምፅ ሰጥታለች፤ እኔ ሁለቱንም ልይዝ ነው። ልጁን አምኜው አልነበረም። እሺ ያሰኘኝ ቅናቴ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አስገቡኝ። እህቴን ቁስል አጣቢው ድሬሰር ግቢ ውስጥ ሆነሽ ጠብቂ ብሎ በሩን ዘጋባት። ጋደም አልኩ፤ ፊቴ ላይ ጨርቅ ጋረዱብኝ። መርፌው አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ አንገቴ የኔ መሆኑ ቀረ። ያውሩ አለኝ ሐኪሙ። እኔም አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። አንዴ ደግሜ ስጨርስ፣ ጸሎት በለሆሳስ ስለሚባል ድምፄን በደንብ እንደማይለይለት፣ ከሰው ጋር እንደምጫወት ሆኜ እንዳወራው ጠየቀኝ። ስለ ሻይ ቤቴ አወራሁ። ስለ ሹፌሮቹ፣ ስኳር ስለሚያበዙት፣ ጠጥተው ስለሚጠፉት አወራሁ። ወሬው አለቀብኝ። ዝም ስል እሱም እጁን ያቆማል፤ እንዳይቆም ስል ስለ እህቴ ጀመርኩ።

ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ሲነቅሱን እሷ ስታለቅስ እናቴ እሷን ብቻ እንዳባበለች ነገርኩት። ለኔ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሷን አይቶ ሐሳቡን እንደለወጠ ነገርኩት። ሐብሉን ነገርኩት፣ ቅዳሴውን ነገርኩት፣ አንገቷን ባየሁ ቁጥር የበላሁት እንደማይረጋልኝ ነገርኩት። መቀሱ ሲጮህ ይሰማኛል፤ የምናገረው የሌላ ሰው ገመና ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻም ድምፅዋ ሲሻክር ደስ እንዳለኝ ነገርኩት።

የሐኪሙ እጅ ቆመ። አሁን ጅማቷ አጠገብ ነኝ አለ።

«ያሉትን ይድገሙልኝ» አለ። «ጮክ ብለው።»

«የእህቴ ድምፅ በመሻከሩ ደስ ብሎኛል» አልኩ፣ በሠርግ ድምፄ።

«አንዴ ይድገሙት።»

ደገምኩት። ደህና ነው፣ ይቀጥሉ አለኝና ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። ድካም ወስዶኝ ኖሮ አልጋዬ ላይ ስነቃ አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ እህቴ ከራስጌዬ ተቀምጣ አጥሚት ታማስላለች። ዓይኗ ቀልቷል። ለኔ ፈርታ ያለቀሰች መሰለኝ። በማንኪያ አጎረሰችኝ፣ ትራሴን አስተካከለችልኝ፣ ገላዬን አበሰችኝ። ቃል ግን አልወጣትም። እኔም እንዳላወራ ታዝዤ ስለነበር ዝምታው አልከበደኝም።

የከበደኝ ድሬሰሩ ፋሻዬን ሊቀይር መጥቶ እህትሽ ጎበዝ ናት ሲለኝ ነው። ግቢ ውስጥ ጠብቂ ብትባልም፣ የእናቴን ልጅ ከባዳ መሃል ብቻዋን አልተዋትም ብላ ለምናው ኖሮ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እስከ መጨረሻው ቆማለች። እሱ ይህን ሊያስደስተኝ ብሎ ነው የነገረኝ። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ፣ በሠርግ ድምፄ፣ ከመጋረጃ ወዲህ ሆኜ ያልኩትን እሷ ከመጋረጃ ወዲያ ቆማ ሰምታዋለች።

እስክትሰድበኝ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም፤ አጥሚቱም አልቀረም። ክሩ የሚወጣበት ቀን ሐኪሙ መጣ፣ ፋሻውን ፈታ፣ አንድ ነገር ይበሉ አለኝ። ስሙን ጠርቼ መረቅሁት። ድምፄ እንደ ድሮው ነው። እሱም ከኔ በላይ ደነገጠ መሰለኝ፤ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲወጣ እህቴ ከቦርሳዋ መስታወት አውጥታ ሰጠችኝ። አንገቴን አየሁት። ሁለቱ የንቅሳት መስመሮች ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራርበው ተኝተዋል። ሲያምረኝ የኖረ ነገር ነበር፤ ግን እሷ እያየችኝ ልደሰትበት አልቻልኩም።

«ሰምተሻል አሉ» አልኳት፣ መስታወቱን ሳላወርድ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ድምፅዋ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንኳ በደንብ አይወጣም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ይቅር በዪኝ ልል ስል ነጠላዋን አንስታ እንደ ድሮው አንገቷ ላይ ጠመጠመችና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እታለም» አለችኝ፣ «እኔንም ሳያስተኙ እንዲህ ቢያናግሩኝ ኖሮ፣ ስላንቺ ድምፅ ነበር ሳወራ የምውለው።»