ከሾላዋ ሥር የጠጣሁት ውሃ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥቅምት ውስጥ ነው። ያለፈውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰው ቤት ውሃ ሲቀርብልኝ ሳላሸት አልጠጣም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አፍንጫዬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ቆቦ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነው። ለራሴ ደስታ የማነሳው ደግሞ ዛፍና ውሃ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ይዞኝ ነበር። የዛፍ ቅርፊት ስንጥቁና ጉጡ ጥርት ብሎ ወጥቶ፣ ከጀርባው የሚወርደው ውሃ እንደ ባዘቶ ለስልሶ እንዲታይ ማንሳት እፈልግ ነበር። ካሜራውን ስታንድ ላይ አጥብቄ አስራለሁ፤ ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት እገጥማለሁ፤ ከዚያ የካሜራውን ዓይን ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ክፍት እተወዋለሁ። የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሟሙቶ ጭጋግ ይመስላል፤ የማይንቀሳቀሰው እንዳለ ይቀራል።

ቦታውን ያሳዩኝ አያ ይማም ናቸው። ሮቢት አጠገብ የሚኖሩ፣ ወደ ስልሳ የተጠጉ ገበሬ ናቸው፤ የልጃቸውን ኒካህ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልበሙን ሊወስዱ ሲመጡ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን የግራር ፎቶ አይተው ከት ብለው ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ እንጨትም ታነሻለሽ እንዴ? እንግዲያስ ከእኔ ማሳ ግርጌ ጎሊና ወንዝ ዳር ያለችውን ሾላ ብታዪ ምን ልትሆኚ ነው!"

በሳምንቱ በሚኒባስ ሮቢት ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የካሜራ ቦርሳዬን ነጥቀው ራሳቸው ተሸከሙልኝ። መንገዱ በማሽላ መሃል ነው፤ ማሽላው አፍርቶ ስለነበር ወፍ ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። አያ ይማም ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ እኔንም "ልጄን ያነሳችልኝ ናት" እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። ደግ ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ። እንግዳ አክባሪነታቸው እውነት ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሾላዋም እንዳሉት ናት። ግንዷን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ቅርፊቷ አንዳንድ ቦታ ቢጫ፣ አንዳንድ ቦታ አመድማ ነው፤ ተልጦ ተልጦ የአሮጌ ግድግዳ ቀለም ይመስላል። ሥሮቿ እንደ ጣት ተዘርግተው ወንዙ ውስጥ ገብተዋል። ውሃው ከላይ በድንጋዮቹ መሃል እየተጣጠፈ መጥቶ ሥሮቿን ታክኮ ያልፋል።

ስታንዴን ተከልኩና ሥራ ጀመርኩ። አያ ይማም ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ያዩኛል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሲወጡ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። በቅርፊቱ ጥግ ነጭ አረፋ እየተመዘዘ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቷል። አረፋው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ፎቶውን ስላሳመረልኝ ወደድኩት።

ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነው። የያዝኳት ውሃ አለቀች፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።

"አያ ይማም፣ ይሄ ውሃ ይጠጣል?" አልኳቸው።

ወደ ሾላዋ ላይኛው ጎን ዞር ብለው አዩ። መዞራቸውን ያስተዋልኩት ኋላ ላይ ነው።

"እኛ ያደግነው በምን ሆነና! ጠጪ" አሉኝ።

ተንበርክኬ በእፍኜ ጠጣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ፕላስቲኬንም ሞልቼ ግማሹን እዚያው አወረድኩት። ለብ ያለ ነበር፤ ቆላ ስለሆነ ነው አልኩ። አያ ይማም ፓፓያቸውን ሊያዩ ነው ብለው ተነስተው ሄዱ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ስታንዴን ነቅዬ ወደ ሾላዋ ላይኛው ጎን ተሻገርኩ። ከዚያ ያነሳሁትን የመጀመሪያ ፎቶ በካሜራው ስክሪን ላይ አየሁት። ቅርፊቱ ጥርት ብሏል፤ ውሃው ባዘቶ ሆኗል። በባዘቶው መሃል ግን አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር አለ። ድንጋይ መሰለኝ። አጉልቼ አየሁት። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሰኮና ነው።

ነፋሱም ያን ጊዜ ነው የዞረው። ሽታው በአፌም በአፍንጫዬም ገባ።

መሄድ አልነበረብኝም፤ ሄድኩ። በግንዱ ዞሬ ቁልቁል ሳይ፣ ሥሮቹ መሃል የተሰነቀረች የሞተች ላም ናት። ሆዷ ከበሮ አክሎ ተነፍቷል። ዓይኗ ያለበት ቦታ ትል ይተረማመሳል። ከአፏና ከኋላዋ የሚወጣው ነገር ውሃው ላይ ነጭ አረፋ እየሠራ ይወርዳል፤ በደስታ ሊያስጮኸኝ የነበረው አረፋ ያ ነው። እኔ የጠጣሁት ከዚያ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ ነው።

የሆዴን ሁሉ አወጣሁ። የሚወጣ ነገር አልቆ እንኳ ማስመለሱ አላቆም አለ። በአራት እግሬ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ አንድ እጅ ግንባሬን ደገፈኝ። ከታች በኩል ውሃ ቀድተው አህያ እየነዱ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ እማማ ሐዋ ይባላሉ።

"አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። ተጉመጥመጪ" ብለው ከጀሪካናቸው በእፍኛቸው አቀረቡልኝ።

ከወንዙ የተቀዳ ውሃ ነው። ጮኼ እጃቸውን መታሁት። ደንግጠው ሲያዩኝ በጣቴ ሥሮቹን አሳየኋቸው። ሄደው አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ያ አላህ! ከትናንት ጀምሮ በዚህ ነው ያበሰልኩት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዝቅ ብለው የላሟን ግንባር ተመለከቱ።

አያ ይማም ጩኸቴን ሰምተው ሁለት ፓፓያ ይዘው ተመልሰዋል።

"ይማም!" አሉ እማማ ሐዋ። "ይቺ ቦራህ አይደለችም?"

"የትኛዋ ቦራ?"

"ግንባሯ ነጭ፣ ጆሮዋ የተተረተረው! ሰኞ ታመመችብኝ ብለህ ቤቴ ድረስ መጥተህ ዱዓ አድርጉልኝ ያልከኝ!"

አያ ይማም ፓፓያዎቹን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ሞተች። ምን ላድርጋት?"

"ቅበራት!"

"ወገቤን ያመኛል፤ ልጆቹም ማሽላ ጥበቃ ላይ ናቸው። ደጋው ከዘነበ ጎርፍ ይወስዳታል ብዬ ነው። ወራጅ ውሃ ምን ይይዛል?"

"በክት አጠጣኸን!" አሉ እማማ ሐዋ። "ልጆቼን በክት አጠጣሃቸው! በምን በሽታ እንደሞተች እንኳ ሳታውቅ!"

እኔ አፌን በእጅጌዬ እየጠረግኩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። "አያ ይማም፣ ይጠጣል ወይ ስልዎ ለምን ጠጪ አሉኝ?"

ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"አይጠጣም ብልሽ፣ ‘ለምን?’ ትይኛለሽ። ያኔ ምን ልልሽ ነው?"

ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ አላፈሩምም። ማንም የሚያውቀውን ነገር የሚነግሩኝ ነበር የሚመስሉት። አንቱታው ራሱ አፌ ላይ መረረኝ።

እማማ ሐዋ ማሳው ዳር ቆመው እሪ አሉ። ወፍ ጠባቂዎቹ ከየማማቸው ወርደው መጡ፤ የአያ ይማም ሁለት ልጆችም ነበሩባቸው። ጀሪካኖቹ ተደፉ። አንዲት ሴት ታች ላሉት መንደሮች ልትነግር ሮጠች። ላሟን በገመድ ሲጎትቷት የታሰረው እግር ቆዳው ተገፎ እንደ ካልሲ ወጣ፤ እንደገና በቀንዷ አሰሩ። አያ ይማም አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ይዘው ከሩቅ "በርቱ! በርቱ!" ይሉ ነበር። ጉድጓዱን ግን እማማ ሐዋ ከይማም በቀር ማንም አይጀምረውም ብለው ቆሙ። አያ ይማም ወገባቸውን እየያዙ ቆፈሩ፤ ከወገብ በላይ እስኪጠልቅ ድረስ ማንም አላገዛቸውም።

እኔን ሆዴን አራት ቀን ቆረጠኝ፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ መድኃኒት ወሰድኩ። የእማማ ሐዋ የልጅ ልጅ፣ ገና ሁለት ዓመቷ፣ ሳምንት ተኝታ በስንት መከራ ተነሳች። በዚያ ከሰዓት ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጠፋሁ። ቆንጆዎቹን ማየት ነበር ይበልጥ የሚያቅለሸልሸኝ።

ታኅሣሥ ላይ አያ ይማም ፎቶ ቤቴ መጡ። ለመታወቂያ ጉርድ ፈልገው ነው። "ልጄ፣ ሆድሽ ተሻለሽ?" አሉኝ፣ ጉንፋን ይዞኝ እንደነበረ ሁሉ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀና በሉ አልኳቸው፤ ቀና አሉ። አንስቼ፣ አጥቤ፣ ቆርጬ በፖስታ ሰጠኋቸው። ሲመርቁኝ ቆይተው ሊወጡ ሲሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው" አልኳቸው።

"ምንም አይደል" ብለው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ብናገር ለምን ይሉኛል፤ ያኔ ምን ልላቸው ነው ብዬ ነበር የዋሸሁት። ልክ እሳቸው ወንዝ ዳር እንዳሉኝ። ያን ቀን እሳቸውን ከተጸየፍኩት ባልተናነሰ ራሴን ተጸየፍኩት።

ይህን ገጠመኝ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አያ ይማም፣ እጄ ደረቅ ነበር። እጅዎን መጨበጥ ቀፍፎኝ ነው።