ወገቤ፣ ባሌ እና የቻይናው ስፖርት

ባሌን ከአልጋ አንስቼ ወንበር ላይ፣ ከወንበር አንስቼ አልጋ ላይ የማደርገው በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ነው። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ግማሽ ጎኑ ከከዳው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሲገባ በሩን የሚሞላ ሰው። በሽታው ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ሲወስድ ክብደቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። አንዲት ልጃችን አግብታ ሐዋሳ ናት። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን።

አንድ ቀን ጠዋት ላነሳው ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ እዚያው ያዘኝ። መቃናት አቃተኝ። እንደታጠፍኩ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ፣ እሱ እኔን እያየ እኔ እሱን እያየሁ ቆየን።

"አንቺን ደግሞ ማን ያንሳሽ?" አለኝ። ከታመመ ወዲህ አፉ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ መቀለዱ ይሁን መፍራቱ አልለየሁትም።

ጤና ጣቢያ ያየችኝ ልጅ ማስታገሻ ጻፈችልኝና "እናቴ፣ ይሄ ሕመሙን ነው የሚያስታግስልዎት። ወገብዎን ካላጠነከሩት ግን እንዲህ እያነሱ አይዘልቁም። ስፖርት ይሥሩ" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ስስቅ ደግሞ ወገቤን ወጋኝ። ስፖርት የሚሠራ ሰው እኮ መጀመሪያ ያልደከመው ሰው ነው።

ከቤቴ በር ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። ወላይታ ተወልዳ ያደገች፣ ጴንጤ ናት፤ ስትዘምር ደረጃው ሁሉ ይሰማታል። ደም ግፊት አለባት። የጤና ጣቢያውን ነገር ስነግራት "ታች ያለችው ሴትዮ የውኃ ሮቶዎቹ አጠገብ ጠዋት ጠዋት የምታሠራው አለ። ቀስ ያለ ነው፣ ለእኛ ዓይነቱ ነው። ነገ አብረን እንውረድ፣ እህቴ" አለችኝ።

ታች ያለችው ሴትዮ ለቡ በነበረው የቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ምግብ አብስላለች። አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበር አለችን፤ ጎህ ሲቀድ ከኩሽናዋ መስኮት ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ቀስ እያለ ያነሳል፣ ቀስ እያለ ያወርዳል። "አእምሮው የተነካ መስሎኝ ሻዩን ሳቀርብለት እንኳ ራቅ ብዬ ነበር። ኋላ ሳየው ከጎረምሶቹ ሁሉ ወገቡን ሳይዝ ከወንበር የሚነሳው እሱ ነው።" ጠየቀችው፣ አስተማራት። ቺጎንግ ይባላል። ካምፑ ሲዘጋ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ድስት ይዞ ሲወጣ እሷ ይሄን ይዛ መጣች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰባት ሴቶች እንቆማለን። ጉልበት ሰበር ይደረጋል፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን እንዳቀፈ ሰው በክንድ ክብ ይሠራል፣ ከዚያ መተንፈስ ነው። ለብሎኩ ሰው ትርኢት ሆነን ነበር። የግቢው ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው "እናቶች፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትደበድቡ ነው?" ይሉናል።

"እርስዎን፣ አባባ" ትላለች አስተማሪያችን እጇን ሳታወርድ።

"በዚህ አካሄዳችሁ እስክትደርሱብኝ ጡረታ እወጣለሁ።"

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ "ተንፍሱ" ብቻ ነበር የምትለን። ያን ቀን ግን ዋናውን ነገር ላስተምራችሁ ብላ ዓይናችንን አስጨፈነችንና "አሁን መንፈሱን በአፍንጫችሁ አስገቡት፣ ወደ እምብርታችሁ አውርዱት፣ እዚያ ይቀመጥ" አለች።

ከጎኔ ክንድ ሲወርድ ተሰማኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጎረቤቴ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"የምን መንፈስ ነው የማስገባው?"

"የራስሽን ነዋ።"

"የራሴ ከሆነ ከውጭ ምን አስገባው?"

አስተማሪያችን ግራ ገባት። "ሰውዬው 'ቺ' ነው የሚለው። ሆዱን እየነካ 'ቺ፣ ቺ' ይላል።"

"ቺ ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ፈረስ መንዳትም ይመስላል" አለች አንዷ ከኋላ፤ ሳቅን። ጎረቤቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ከሮቶው ላይ አነሳች። "እኔ ውስጤ የሚኖረው አንድ መንፈስ ነው፣ ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ የለኝም። አትቀየሙኝ" ብላ ደረጃውን ወጣች። ያስተማረችን ሴት ሳምንቱን ሙሉ ስትጸጸት ከረመች። ለእኛ የመጣልን ሌላ ቃል አልነበረም።

እኔ ቀጠልኩ። ቀጠልኩ ስል ግን እንዲህ ነው፦ ሦስት ቀን እወርዳለሁ፣ ሁለት ቀን እተኛለሁ። በአራተኛው ቀን እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ አልጋው ውስጥ ይቀራል። ስቀር ደግሞ አይተዉኝም፤ ሲጨርሱ ሁለቱ ሦስቱ ወጥተው በሬን ያንኳኳሉ። የእድር ጥሩምባ የተነፋ ነው የሚመስለው። "ምነው፣ ሰው ሞተ?" አልኳቸው አንድ ቀን ተናድጄ።

"ሲሞትማ ሁሉም ያንኳኳል" አለች አስተማሪያችን። "ቁሚ እስቲ፣ እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ሁለቷን እንቅስቃሴ ሥሪ።" በፒጃማዬ ቆሜ ሠራሁ።

ወገቤ እየተሻለው ነበር። የተሻለው ግን ለእኔ ብቻ ሆነ። ባሌ እስከ አንድ ሰዓት ስለሚተኛ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የምወርደው። አንድ ጠዋት ስመለስ ወለሉ ላይ አገኘሁት፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል። ቀደም ብሎ ነቅቶ ብቻውን ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ነው። ግንባሩ ተልጧል። እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ እጆቼን ሰማይ ላይ ዘርግቼ ስተነፍስ እሱ እዚያ ስንት ደቂቃ እንደተኛ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ስፖርቱን ተውኩት። ሲያንኳኩ አልከፈትኩም። በሩ ውስጥ ቆሜ "ደህና ነኝ፣ ሂዱ" አልኳቸው። ከተውኩት በሦስተኛው ሳምንት የወገቤ ሕመም ተመልሶ መጣ። ባሌን ሳነሳው ትንፋሼን ውጬ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ ስለሚያውቅ ውኃ መጠጣት ቀነሰ፤ ውኃ ከጠጣ ሽንት ቤት አለ፣ ሽንት ቤት ካለ እኔ አለሁ። ያንን የተረዳሁ ቀን ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

በማግስቱ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ የባሌን መውደቅ ነግሬያት ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሷን በአንድ እጇ፣ የፕላስቲክ ወንበር በሌላው ይዛ።

"ውረጂ" አለችኝ። "እኔ እሱ ጋ እቀመጣለሁ።"

"አንቺ እኮ በነገሩ አታምኚበትም።"

"በወገብሽ አምናለሁ።"

"የደም ግፊትሽስ?"

"እኔ ተቀምጬ እተነፍሳለሁ። ውረጂ፣ እህቴ፣ ሰዓቱ አለፈ።"

እንዲያ ሆነ። በየጠዋቱ እየመጣች ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ መዝሙረ ዳዊት ታነብለታለች። ባሌ ኦርቶዶክስ ነው፤ ለጨዋታ ብሎ "እመቤት፣ ለእኔ ነው የምታነቢው ወይስ ለብሎኩ?" ይላታል። "ለአንተ፣ ወንድሜ። ብሎኩ በነጻ ይስማ" ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ከታች ስመለስ እሱ ነቅቷል፣ እሷም ገና አልወጣችም። ላነሳው ቀረብኩ። እግሬን ከፈት አደረግኩ፣ ጉልበቴን ሰበር አደረግኩ፣ ጀርባውን በክንዴ ከበብኩ፣ እየተነፈስኩ ተነሳሁ። ተነሳ። ወገቤ ምንም አላለኝም። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው ጎረቤቴ መጽሐፏን ዘግታ ታየኛለች።

"ታች የምትሠሩት ይሄንን ነው?"

"ይሄንኑ ነው።"

"ሌላ ነገር የለውም?"

"ሌላ ነገር የለውም።"

"ታዲያ ይሄማ ጉልበት ነው። እንዴት ጉልበት አትሉትም?"

ወርጄ ለአስተማሪያችን ነገርኳት። ራሷን ያዘች። በነጋታው ዓይናችንን አስጨፍና "ጉልበታችሁን ወደ እምብርታችሁ አውርዱት" ስትል፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቀጥታ የምትመጣው ባለሱቋ ዓይኗን ሳትገልጥ "የቱን? የእኔ ሁለቱም ያማሉ" አለች። ያን ቀን ሥራ አልተሠራም፤ ሮቶ ተደግፈን ስንስቅ ፀሐይ ወጣች።

ጎረቤቴ አሁን ነገሩ ጉልበት ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ነይ አብረን እንውረድ ብያት ነበር። "ማን ይቀመጥለት?" አለችኝ። ታች ከሚሠሩት ሴቶች ሁለቱ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ሊቀመጡላት ተስማምተው፣ እሷም በእነዚያ ቀናት ትወርዳለች። ሌላውን ቀን ትንፋሿ ከወንበሯ ላይ ነው።

ድኛለሁ አልልም። ማታ ማታ ወገቤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ዛሬ ጠዋት ከባድ ዝናብ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብኩ። ክረምት ነው፣ ማንም አይወቅሰኝም አልኩ። ከጎኔ ያለው ሰው ግን ነቅቶ ኖሯል።

"ተነሺ እንጂ" አለኝ በዚያ ዘንበል ባለ አፉ።

"ዝናብ ነው፣ አትሰማም?"

"እሰማለሁ። ሂጂ። ኋላ ትጥዪኛለሽ።"

ተነሳሁና ካልሲዬን በዳበሳ ፈለግኩ። ለጎረቤቴ በሩን ስከፍትላት "ውኃውን ሰጥተሽዋል?" አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። ሙሉውን ጠጣ።