በቃል የሰጠሁት ፈቃድ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ።

ሐኪም ነኝ። ጋምቤላ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የሐኪሞች ኃላፊ ሳለሁ ለማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ ትምህርት አንድ ቦታ መጣልን። ሁለት ሐኪሞች ተወዳደሩ። አንዷ ዶክተር አሪየት፣ የዚያው የጎግ ወረዳ ልጅ፤ በአኝዋክኛም በኑዌርኛም ስለምታናግራቸው ምጥ የያዛቸው እናቶች ስሟን እየጠሩ ይመጡ ነበር። ሌላው ሳምሶን፤ አብሮኝ የተማረ፣ አበልጄ። የፈተና ውጤታቸው ተቀራራቢ ስለነበር የሚለያቸው እኔ የምሞላው የሥራ ምዘና ነበር።

በዚያው ዓመት የአሪየት እናት ጎግ ውስጥ አርፈዋል። ቢሮዬ መጥታ ስታለቅስ፣ «ሂጂ፣ ወረቀቱን ስትመለሺ እንጨርሳለን» ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ወረቀቱን እሷም ረሳችው፣ እኔም ረሳሁት። ምዘናውን ስሞላ ግን ትዝ አለኝ። «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ቀርታለች» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩት። ማን አስገደደኝ? ሳምሶን እንኳ አልለመነኝም። ቦታው ለእሱ ሆነ።

የከፋው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። የተነገራት «ያለ ፈቃድ ቀርተሻል» የሚል ብቻ ነበር፤ ምዘናው ምስጢር ስለሆነ ጥፋቱ የሰው ኃይል ክፍሉ መሰላት። የቅሬታ ማመልከቻ ጽፋ ወደ እኔ መጣች።

«ዶክተር፣ አማርኛዬን አስተካክልልኝ።»

አነበብኩት። መሐል ላይ «ፈቃድ የሰጠኝ ኃላፊዬ ነው» ይላል።

«ይቺን አውጫት፤ የቃል ነገር ማስረጃ አይሆንም» አልኳት።

«አንተ ብትመሰክርልኝስ?»

«እኔ ከገባሁበት አድልዎ ይመስላል። ይጎዳሻል።»

አመነችኝ፤ በገዛ እጇ ሰረዘችው። ሆሄያቱን አርሜ፣ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብዬ ሸኘኋት። ቅሬታዋ ውድቅ ሆነ።

ሳምሶን ተምሮ አዲስ አበባ ቀረ። አሪየት ከእኛ ለቃ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራ ገባች፤ ዛሬም ጠቅላላ ሐኪም ናት። እኛ ምጥ ሲከብድብን እናቶችን በአምቡላንስ ወደ ሌላ ክልል እንልካለን። መንገድ ላይ ያለፉ አሉ። እሷ ተምራ ብትሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር? አላውቅም። አላውቅም ማለትስ ያድነኛል?

በቀደም እሑድ ባሮ ዳር ከባሏ ጋር አገኘኋት። «ያ ጊዜ ሁሉም ሲሸሸኝ ያገዘኝ እሱ ነው» ብላ አስተዋወቀችኝ። ባሏ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ። መናገሪያው ያኔ ነበር። እኔ ግን፣ «ምንም አይደል» አልኩ።

ይህን የምታነቡ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የምትችል አንዲት ሴት ናት። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች።