ፋጡማ ያጠፋችው እሳት

ከቺሮ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደታቸውን የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ በጨለማ ተደብቀው ሲወጡ ነው የማነበው፤ እኔን ግን ምእመናኑ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ በመዝሙር ሸኝተውኛል። ሽማግሌዎቹ አንበርክከው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ አንዷ እህት ደግሞ “ባዶ እጅህን አትመለስም ይላል ጌታ” አለች። የምሄደው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ጀርመን ያሉ ወገኖቻችን ለጉባኤ ጋብዘውኝ፣ ሰብኬ፣ ለሰባት ዓመቷ ልጄ ለሰላም ጃኬት ይዤላት ልመለስ። ባዶ እጄን አለመመለሴ እንኳ እውነት ሆነ፤ ጨርሶ አልተመለስኩማ!

እስከ አዲስ አበባ የወሰደኝ የሐጂ ሙሜ አይሱዙ ነው። ሐጂ ጫት ነጋዴ ናቸው፤ ግቢያቸው ከአዳራሻችን ጋር አጥር ይጋራል። ጴንጤ ፓስተር በጫት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ለወንጌል ወደ አውሮፓ ሲሄድ አስቡት። ከኋላዬ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ጫት ተጭኗል፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ታቅፌያለሁ። ሐጂ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጄሪካን ውሃ እግሬ ስር አስቀመጡልኝ። “ከሚኤሶ እስከ ቦርደዴ ሙቀቱ ይገላል። ጠጣ፤ ለሾፌሩም ስጠው” አሉኝ። ጠጣሁም፣ ሰጠሁትም። ይህን ውሃ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ፓስተር ደሳለኝ ነኝ። ጌታን የተቀበልኩት መቻራ ነው፤ ቡና መሰብሰቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ስሠራ፣ ከዝናብ የተጠለልኩበት ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ሲጸልዩ ሰምቼ ቀረሁ። ኦርቶዶክስ የሆነችው እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች፤ በአራተኛው ቀን ግን ምሳ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በጭቃ መንገድ በእግሬም በጭነት መኪናም እየዞርኩ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ሰበክሁ። በኋላ ቺሮ፣ ጫት ተራው አጠገብ በተከራየነው ቆርቆሮ ቤት አገልጋይ ሆንኩ። መጻፍም ይዞኛል። “የቆርቆሮው አዳራሽ” የምትል ትንሽ መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። በከተማው ያላነበባት ጴንጤ የለም፣ የገዛት ግን ብዙ አይደለም።

የመጽሐፏ ሦስተኛ ምዕራፍ ስለ እሳቱ ነው። አንድ እሑድ፣ መዝሙሩ እየደመቀ ሳለ፣ የኪቦርዱ ገመድ ጋለና መጋረጃውን ያዘው። ገመዱን በፕላስተር የጠገንኩት እኔው ነበርኩ። እኛ በበሩ ስንጋፋ በአጥሩ በኩል የሐጂ ሙሜ ሠራተኞች፣ ጫት የሚያስሩት ሴቶች፣ እየሮጡ መጡ። ጫቱ እንዳይጠወልግ የሚያርሱበትን የበርሜል ውሃ በባልዲ እየቀዱ ደፉበት። ቀድማ የገባችው ፋጡማ ናት፤ የሚነደውን መጋረጃ በእጇ ጎትታ አወረደችው። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጠለ፤ ዛሬም ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። መጽሐፉ ሊታተም ሲል ሽማግሌዎቻችን “ፓስተር፣ ‘የጫት ውሃ’ የምትለዋን አውጣት፣ ‘ውሃ’ ብቻ ይበቃል” ብለውኝ ነበር። አላወጣም አልኩ። ያን ጊዜ ለእውነት እንደዚያ ቀናተኛ ነበርኩ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የእኛን የጴንጤዎቹን ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ምስክርነት እንደ ሊጥ ነው፣ ሙቀት ካገኘ ኩፍ ይላል። አንዲት እህት ራስ ምታቷ እንደ ለቀቃት የመሰከረችው በወሩ ዕጢ ሆኖ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ማንም ውሸት አይለውም፣ “ለጌታ ክብር” ነው። በጀርመኑ ጉባኤ ሁለተኛ ቀን ላይ መድረክ ወጣሁ። ስለ ገመዱ ልጀምር ስል አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላዋ ታዛጋለች። “እሳት!” አልኩ። ቀና አሉ። “በአምልኮ ላይ ሳለን ጠላቶች እሳት ለቀቁብን!” ሃሌሉያው አዳራሹን አናወጠው። አፌ ከዚያ በኋላ የእኔ አልነበረም። “ጎረቤቶቻችን ቆመው አዩን! አንድ ባልዲ ውሃ ያቀበለን የለም! ጌታ ግን ዝናብ አዘነበ!” አልኩ። በጥር ወር፣ ቺሮ ላይ፣ ዝናብ! ሰው እያለቀሰ ተንበረከከ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ነገሩ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከመድረክ ስወርድ ጋባዤ ወንድም ሳምሶን እንባውን እየጠረገ አቀፈኝ። “እንዴት ወደዚያ እሳት ትመለሳለህ? ጌታ ያመጣህ እንድትቀር ነው። ወረቀት ታገኛለህ፣ ባለቤትህን አስቴርንና ልጅህን ታወጣለህ” አለኝ። “ወንድሜ፣ ዋሽቻለሁ” ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ሰላም ንጹሕ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ታየችኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። በሳምንቱ ፓስፖርቴን ለስደተኞች ቢሮ አስረክቤ፣ ጥገኝነት ጠይቄ እጄን ሰጠሁ። ሳምሶን “ያለህን ማስረጃ ሁሉ አስገባ” ስላለኝ ቪዲዮውን አስገባሁ፤ የታወቅሁ ጸሐፊ መሆኔ እንዲታይልኝ ብዬ መጽሐፌንም ጨመርኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ትዝ አላለኝም። ጀርመን አማርኛ አያነብም ብዬም ነበር።

የስደተኞቹ መኖሪያ ሃይም ይባላል። ከአንድ አፍጋናዊና ከአንድ ጊኒያዊ ጋር በአንድ ክፍል ደርበውናል። ከከተማው ርቀህ አትሂድ፣ አትሥራ፣ ጠብቅ። ብሮት የሚሉት ዳቦ ደረቅና ጎምዛዛ ነው፤ የማሽላ እንጀራ በሁልበት፣ በዚያ በአብሽ ማባያ፣ የለመደ ምላስ ምን ይበለው? ሆጃ የሚባል ነገር፣ ያ የቡና ገለባ በወተት፣ በሕልሜ ይመጣብኛል። ሰማዩ ክዳን እንደ ተደፋበት ድስት ነው። ጎረቤት ሰላምታ ስትሰጠው የጠየቅኸው ነገር ያለ ይመስል ይደነግጣል። ሃውስማይስተር የሚባል የቤቱ ኃላፊ አለ፤ ስጸልይ በሩን ደበደበ።

“ከማን ጋር ነው የምትጣላው?”

“እጸልያለሁ።”

“ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሩሄ ነው፤ ጸጥታ። እዚህ ላይ ተጽፏል።”

“ጸሎት እኮ ነው።”

“ለእግዚአብሔርም ቢሆን በሹክሹክታ” ብሎኝ ሄደ። ሃያ ዓመት በማይክሮፎን የጸለይኩ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ማንሾካሾክ ለመድኩ።

በስምንተኛው ወር ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ ለስላሳ ሴት ናት፤ አስተርጓሚው የደሴ ልጅ ነው። ቪዲዮውን አየን። ራሴን በማያ ገጹ ላይ ስጮኽ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ሴትየዋ መሳቢያዋን ከፍታ መጽሐፌን አወጣች፤ በገጾቹ መሃል ቢጫ ወረቀቶች ተሰክተዋል።

“ሦስተኛውን ምዕራፍ አስተርጉመነዋል” አለች። “በጣም ቆንጆ ነው። ፋጡማን ወደድኳት።”

ቢጫ ወረቀት ወደ ተሰካበት ገጽ ገለጠች።

“በመጽሐፉ እሳቱን ያስነሳው ያንተ ገመድ ነው፣ ያጠፉትም ጎረቤቶችህ ናቸው። በቪዲዮው ጎረቤቶችህ ቆመው ያያሉ፣ ዝናብም ይዘንባል። የትኛውን እንመን?”

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ በአማርኛ ከተረጎመልኝ በኋላ የራሱን ጨመረ፤ “ጋሼ፣ መጽሐፉን ምን ያድርግልኝ ብለው አስገቡት?” ሴትየዋ ምን እንዳለኝ ጠየቀችው፤ “ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው” አላት። ውሃ አመጡልኝ።

“ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ” አለች። “በጽሑፍ አስረዳን። ጸሐፊ ነህ አይደል?”

ሳምሶን ዘንድ ሮጥኩ። “ቀላል ነው” አለኝ። “መጽሐፉን የጻፍኩት ጎረቤቶቼን ፈርቼ ነው በል። ለቤተሰብህ ስትል እኮ ነው።” ቪዲዮውን እንዲያነሱት ለመንኩት። “ስንት ነፍስ የዳነበትን?” ብሎ ተቆጣኝ። ታዲያ ወደ አገርህ አትመለስም ትሉኛላችሁ። ፓስፖርቴ በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በእኔ ቦታ ሌላ አገልጋይ ተሹሟል፣ ቪዲዮው ደግሞ ቀድሞኝ ቺሮ ገብቷል። ሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። አልጋዬ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ስንት ቀን “ለተከበረው ቢሮ” ብዬ እየጻፍኩ ቀደድኩ።

አንድ እሑድ ቤት ደወልኩ። አስቴር ከወትሮው ቀዝቀዝ ብላለች። ከኋላዋ ሰላም ከስልክ ላይ የተማረችውን የጀርመን ቁጥር ትለማመዳለች፤ “አባዬ ጋ ስሄድ እንዳላፍር” ትላለች አሉ።

“ሐጂ ሙሜ እዚህ ናቸው። ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ” አለችኝ አስቴር።

ስልኩን ልዝጋው ብዬ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ ውሸት ይብቃኝ።

“አካም ጅርታ፣ ፓስተር? ብርዱ እንዴት ነው?”

“ናጋ ነው ሐጂ። እርስዎ ደህና ነዎት?”

“አልሐምዱሊላህ። ቪዲዮውን ልጆቹ አሳዩኝ።”

“ሐጂ፣ እኔ…”

“ቆይ፣ ልናገር። አስቴር ነገረችኝ፣ ወረቀቱን ሊከለክሉህ ነው። እንግዲህ ሙሜ ነው ያቃጠለው ብለህ ጻፍ። እኔ ጀርመን አልሄድ፣ ምን ያደርጉኛል? ልጅህ ትውጣልህ። እኔ ለአላህ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያውቃል።”

ማልቀስ ጀመርኩ። አፍጋናዊው አልጋው ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

“ብቻ አንድ ነገር” አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ፋጡማም አየችው። ‘አንድ ባልዲ ውሃ ያቀበለን የለም’ ስትል ሰማችህ። ዋላሂ፣ እጇን ሻሿ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ጫት ስታስር እጇን ትሸፍናለች። እኔን እንደ ፈለግህ አድርገኝ፤ ለእሷ ግን ምን ልበላት?”

የስልኩ ሂሳብ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። ያ እጅ የተቃጠለው የእኔን ሰዎች ሲያድን ነው፤ ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ቆሰለ እጅ ሰብኬያለሁ! በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

ደብዳቤውን በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት፤ በአማርኛ። ገመዱን፣ ፕላስተሩን፣ በርሜሉን፣ ባልዲዎቹን፣ የፋጡማን ሁለት ጣቶች። “ጎረቤቶቼ አላሳደዱኝም፤ በመድረክ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው” ብዬ ፈረምኩ። ሰኞ ጠዋት በብርድ ሄጄ ቢጫው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ እጄን በቀዳዳው አስገብቼ መልሼ ላወጣው ሞከርኩ። አልደረስኩበትም።

ከሰዓት በኋላ ለአስቴር ደወልኩ።

“ላክኸው?”

“ልኬዋለሁ።”

“የቱን ጻፍክ?”

“ሦስተኛውን ምዕራፍ።”

አውቃታለሁ፤ ሲከፋት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች። ይሰድቧት የነበሩትን ዘመዶች፣ የሸጠችውን የሠርጋችንን አልጋ፣ ለሰላም ትምህርት ቤት “በቅርብ ትለቃለች” ብላ የነገረቻቸውን ሁሉ አሰብኩላት። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

“ለፋጡማ ልንገራት?” አለችኝ በመጨረሻ።

“ንገሪያት።”

“አሁኑኑ እሄዳለሁ። እነ ሐጂ ግቢውን ሳይዘጉ።” ጫማ ስትፈልግ ይሰማኛል። “ደሳለኝ፣ ይቺን ልጅስ ምን ልበላት?”

ከኋላዋ ሰላም ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ። አስቴርም እኔም አዳመጥናት። ሰባት ላይ ጠፋባትና እንደገና ከአይንስ ጀመረች።